ከአርታኢ ይሰውረን

ልብወለድህን ጨረስክ? እሰየው! እንግዲህ ከአርታኢ ራቅ። አርታኢ ገንዘብህን ተቀብሎ ደስታህን የሚነጥቅ ሰው ነው። «አጎትየው ምዕራፍ 7 ላይ ከሞተ ምዕራፍ 19 ላይ ሰርግ ቤት ምን ይሠራል?» ይልሃል። ልብወለድ መሆኑ እንኳ አልገባውም! «የመጀመሪያዎቹ 40 ገጾች ባይኖሩ ምን ይጎድላል?» ሲል ደግሞ ነገሩ ይገለጥልሃል፤ ቀንቶብሃል።

ይልቅ ብልሆቹ የሄዱበትን መንገድ ያዝ። ረቂቁን ለታይፒስቷ ስጥና ፊደል ለቀማ ታድርግልህ። «ሠ»ን በ«ሰ» ለውጣ ስትጨርስ «ሙሉ አርትዖት ተደርጎለታል» ብለህ አስወራ። ከዚያ ስመ ጥር የሆኑ አንድ ጋሼ ፈልግና ጥራዙን ይዘህ ደጅ ጥና። በሳምንቱ ስትደውል «አየሁት፣ ግሩም ነው» ይሉሃል። የትኛውን ገጽ እንዳዩት መጠየቅ ነውር ነው። ለጀርባ ሽፋን የሚሆነውን አንቀጽ ራስህ ጻፈውና ውሰድላቸው፤ እሳቸው ስማቸውን ያውሱሃል። በሥነጽሑፋችን «አዲስ ምዕራፍ የከፈተ» መጽሐፍ በየወሩ የሚወጣልን በዚህ ዘዴ ነው። የተከፈተውን የሚዘጋ አልተገኘም እንጂ።

ገንዘብህንም በወጉ አውጣ። ለሽፋኑ ሠዓሊ፣ ለማተሚያ ቤቱ፣ ለምረቃው አዳራሽና ለክራር ተጫዋቹ እጅህ አይጠር። ለአርታኢ ግን አንድ ማኪያቶ ከበቂ በላይ ነው።

ድሮ እንዲህ አልነበረም የሚሉ አሉ። በደርግ ዘመን «ኦሮማይ»ን በ1975 ዓ.ም. ያሳተመው ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት በደመወዝ የሚሠሩ አርታኢዎች ነበሩት። ሳንሱሩም ነበር፤ ክፉ ቢሆንም ረቂቁን ከዳር እስከ ዳር ያነብ ነበር። (ዛሬ ይህን ያህል ትጉህ አንባቢ ያለው ደራሲ እጁን ያውጣ።) በ1985 ዓ.ም. የወጣው የፕሬስ ሕግ ቅድመ ምርመራን አስቀረ። እኛም ነፃነቱን አሟጠን ተጠቀምንበት፤ ሳንሱሩ በወጣበት በር አርታኢውንም ሸኘነው።

አሜሪካኖቹ ግን ዛሬም አልነቁም። ሃርፐር ሊ የመጀመሪያ ረቂቋን ይዛ በ1957 እ.ኤ.አ. አሳታሚ ቤት ስትደርስ ቴይ ሆሆፍ የምትባል አርታኢ እጅ ወደቀች። አርታኢዋ የወደደችው የባለታሪኳን የልጅነት ትዝታ ነበርና፣ ሌላውን ትተሽ ከሕፃኗ ዓይን ጻፊው አለቻት። ከሁለት ዓመት በላይ ስትሰርዝና ስትደልዝ ከረመች። ምስኪን! እኛ ዘንድ ብትመጣ በሦስት ወር አስመርቀናት፣ አበባ አስታቅፈናት፣ ፎቶ ተነስተን ነበር። እዚያ ግን መከራዋን ካየች በኋላ በ1961 ፑሊትዘር ሸልመው ሸነገሏት።

ሰሞኑን ደግሞ አንዱ ወዳጃችን ሁለተኛ እትም አወጣ። ሽፋኑ ላይ «ታርሞና ተሻሽሎ የቀረበ» ተብሎበታል። ከአዟሪው ተቀብዬ ከመጀመሪያው እትም ጋር ገጽ በገጽ አስተያየሁት። የተሻሻለው ዋጋው ነው።