የስድስት ለባዶ አዋጅ

ስማ! ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! መፍቻ ጨብጠህ ሮቦት የምትገጥም፣ ጥግ ይዘህ መመሪያ የምታነብ፣ ልጅህን ልታይ መጥተህ መቀመጫ የጠፋህ ወላጅ ሁሉ ስማ! የጠላታችንን ጆሮ ይድፈንልን! ጠላታችንም «ጨዋታ እኮ ነው» ባዩ ነው።

እኛ በስድስቱ የግንባታ ሳምንታት አንዲት ብሎን ያላጠበቅን፣ መመሪያውን ግን እንደ ዳዊት የምንደግም የስልት ሊቃውንት፤

ፈርስት የተባለው የአሜሪካ የተማሪዎች ሮቦት ውድድር አዘጋጅ እ.ኤ.አ. በ2010 «ብሬክአዌይ» ብሎ ባወጣው ጨዋታ ሦስት ሮቦቶች ከሦስት ጋር ለ2 ደቂቃ ከ15 ሴኮንድ እግር ኳስ እንዲገጥሙ ስለደነገገ፤ ለደረጃ ግን አሸናፊው የራሱን ነጥብና የተሸናፊውን እጥፍ፣ ተሸናፊውም የአሸናፊውን ነጥብ እንዲወስድ ስለፈቀደ፤ ደንብ አውጪዎቹ «ተቀራርባችሁ ተጫወቱ» ማለታቸው ለሁላችንም ቢገባንም በጽሑፍ ስላላሰፈሩት፤ የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1። የሚሸነፍ ሁሉ አጥብቆ ይሸነፍ። ቅጣት ከሌለ፣ 6 ለ 5 የተረታ 6 ነጥብ ይይዛል፤ አሸናፊው 16 ይዞ ጥሎት ይሄዳል። 10 ለባዶ የተረታ ግን 10 ያገኛል፣ አሸናፊውም ያው 10። ስለዚህ አቅሙን የሚያውቅ ቡድን መከላከሉን ትቶ በራሱ ግብ ላይ ያግባ፤ ስድስት ሮቦት ለአንድ ወገን፣ ባዶ ለሌላው፤ «ስድስት ለባዶ» ማለታችን ይኸው ነው። ስድስቱም ሮቦት ወደ አንድ ጎል ሲመታ ያየች እናት «የኛ ልጆች የትኞቹ ናቸው?» ብላ ብትጠይቅ «ሁሉም» ተብላ ትጽናና። እንቅልፍ አጥቶ መምቻውን የሠራው ልጅ በዚህ አኩርፏል። ኩርፊያው ተመዝግቧል፤ ነጥብ ግን አያስገኝም።

አንቀጽ 2። በዚሁ ጨዋታ ደንብ ኳስ ከሮቦቱ ሻሲ ጠርዝ ከ3 ኢንች በላይ ወደ ውስጥ መግባት የለበትም። የሚበር ሮቦት ላይ 3 ኢንችን ዳኛው በዓይኑ እንዴት እንደሚለካ ማንም አልነገረንምና ጉዳዩ በክርክር ይታያል። እስከዚያው የእኛ ሮቦት ኳስ «ነካ» ይባላል፣ የተቃራኒው «ዋጠ»።

አንቀጽ 3። ከላይ የተጠቀሰው ጠላት በተያዘ ጊዜ ውድድሩ እስኪያልቅ ባትሪ ቻርጅ ሲያደርግ ይክረም።

ጨዋታው ይፋ የሆነው ጃንዋሪ 9፣ ከገናችን በሁለተኛው ቀን ስለነበር «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚለው ተረት በዳኞች ላይ ይጸናል። በእኛ ላይ አይጸናም፤ መቆጣት ሥራችን ነው።

ይህ አዋጅ የሚሠራው በማጣሪያው ብቻ ነው። ጥሎ ማለፉ ሲጀመር ሁለቴ የተረታ፣ 10 ለባዶም ይሁን 6 ለ 5፣ ሻንጣውን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ስለዚህ መፍቻ የያዛችሁ ልጆች፣ እባካችሁ፣ መምቻውን ከዚያ በፊት አጥብቁልን።