ርገጥ፣ ያዝ፣ ልቀቅ

የስፖርት መኪና ያላቸው ሰዎች ሁለት ዓይነት ናቸው፤ ገንዘብ ያላቸውና መፍቻ ያላቸው። ገንዘብ ያለው መኪናው ሲንኳኳበት ስልኩን ያነሳል። መፍቻ ያለው ካርቶን አንጥፎ ከስሯ ይገባል። ወዳጄ ከኋለኞቹ ወገን ነው። በሥራ ቀን እንጀራውን የሚያገኝበትን ቶዮታ ዘይቱን እንኳ ሌላ ሰው ይቀይርለታል። ቅዳሜና እሁድ የሚነዳትን ቀይ ሚያታ ግን የሰው እጅ እንዲነካት አይወድም። «መካኒክ ይፈታታል እንጂ አያውቃትም» ይላል። ባለቤቱ መኪናዋን የምትጠራት «ጣውንቴ» እያለች ነው። «ጣውንቴ ላይ ተሳፍሬ የትም አልሄድም» ብላ ስለማለች ሁለተኛው ወንበር የኔ ሆኖ ቀረ። ሦስተኛ ወንበር የለም።

ሚያታ ትንሽ፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ፣ ባለ ሁለት ወንበር የጃፓን መኪና ናት። እንግሊዞች ይሠሯቸው የነበሩት የዚህ ዓይነት መኪኖች ከገበያ እየወጡ ሳለ፣ በ1979 (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው) ቦብ ሆል የተባለ አሜሪካዊ የመኪና ጋዜጠኛ ማዝዳ ቀለል ያለች ስፖርት መኪና ቢሠራ እንደሚበጀው ለኩባንያው ሰው ለኬኒቺ ያማሞቶ ነገራቸው። ጃፓኖች የተነገራቸውን አይረሱም፤ ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1989 ቺካጎ የመኪና ትርኢት ላይ ይዘዋት ብቅ አሉ። በ2016 አንድ ሚሊዮነኛዋ ተሠራች። ባለ ሁለት ወንበር ከሆኑት ስፖርት መኪኖች በብዛት በመሸጥ ክብረ ወሰኑ የሷ ነው። የወዳጄ የ1992 ሥሪት ናት፤ ሞተሯ 1.6 ሊትር፣ ጉልበቷ 116 ፈረስ፣ ክብደቷ አንድ ቶን ገደማ። መፍቻ ያላቸው ሰዎች የሚወዷት ኮፈኗን ከፍተው የሚያዩትን ሁሉ በስሙ መጥራት ስለሚችሉ ነው። የዛሬ መኪና ኮፈን ሲከፈት የሚታየው አንድ ሰፊ የፕላስቲክ ክዳን ነው፤ እሱን ደግሞ ማንም ያውቀዋል።

ወዳጄ ለመኪናዋ መዝገብ አለው። ዘይት የተቀየረበት ቀንና ማይል፣ የካንዴላው ዕድሜ፣ በየ60 ሺህ ማይሉ የሚቀየረው የታይሚንግ ቺንጋ፣ የተሠራው በቀይ፣ ሊሠራ የታሰበው በሰማያዊ እስክሪብቶ ተጽፏል። ቅጠል በሚረግፍበት ወቅት ከሸራው ጣሪያ ግርጌ ያሉትን የውሃ መውረጃ ቀዳዳዎች ያጸዳል። ቀዳዳው በቅጠል ከተደፈነ ዝናቡ መውጫ ያጣና ብረቱን ከውስጥ ያዝገዋል። ጣሪያውን ከማጠፉ በፊት የኋላውን የፕላስቲክ መስኮት ዚፕ ይፈታል፤ ይህን የማያደርግ ሰው፣ በተለይ በብርድ፣ መስኮቱን ሰንጥቆ ያርፋል። ይህን ሁሉ የማውቀው መጽሐፍ አንብቤ ሳይሆን አጠገቡ ተቀምጬ ነው።

በጥቅምት አንድ ቅዳሜ፣ ቅጠሉ ቀይና ቢጫ ሲሆን፣ ከአሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ተነስተን ወደ ሸናንዶዋ ተራሮች ወጣን። የሚያታን ሻንጣ ማስቀመጫ ባትሪውና ትርፍ ጎማው ስለተካፈሉት የመሣሪያው ሳጥን የተጓዘው ጭኔ ላይ ነው። ውስጡ ያልነበረ የለም፤ ካቻቢቴ በየመጠኑ፣ ፒንሳ፣ የመፍቻ ዘር፣ የእጅ ባትሪ፣ ክሪክ፣ የእንጨት ታኮ፣ ብሎን የጠበቀበትን ልክ የሚለካ ረጅም መፍቻ። የጎማዋ ብሎን ከ65 እስከ 87 ፓውንድ-ፉት ባለው ልክ መጥበቅ አለበት፤ ወዳጄ ከልጆቹ የልደት ቀን ይልቅ ይህ ቁጥር ቶሎ ይመጣለታል። «መንገድ ላይ የሰው እጅ አላይም» አለኝ ሳጥኑን ሲያሸክመኝ።

ስካይላይን ድራይቭ ከፍሮንት ሮያል ተነስቶ በተራራው ጀርባ ላይ 105 ማይል የሚጓዝ መንገድ ነው። የፍጥነት ወሰኑ 35 ማይል ነው፤ በኛ 56 ኪሎ ሜትር። ከ116ቱ ፈረስ አብዛኛው ያለ ሥራ ነው የሚጓዘው። ወዳጄ ግን ቅር አላለውም። «ሞተሩን ስማው» አለኝ። ጧት ስንነሳ ቲክ ቲክ የሚል ድምፅ ነበረው። «የቫልቭ ማንሻዎቹ ናቸው፤ ዘይት እስኪሞላቸው ያወራሉ» ብሎኝ ነበር። እውነትም ሞተሩ ሲሞቅ ወሬው ቆሟል።

ሆግባክ ከሚባለው መመልከቻ፣ ማይል 21 ገደማ ላይ፣ ቁልቁል ሸለቆውን አይተን ተመለስን። ወዳጄ ሞተሩን አስነሳና ፍሪሲዮኑን ረገጠ። ፔዳሉ ወለሉ ላይ ተኛ፣ አልተነሳም። ወዳጄ ወደ እግሩ አየ። እኔም ወደ እግሩ አየሁ። ጎንበስ ብሎ በእጁ አነሳው፤ ረገጠው፤ ተመልሶ ተኛ።

በዚች መኪና ፍሪሲዮን የሚታዘዘው በፍሬን ዘይት ነው። ፔዳሉ ሲረገጥ ላይኛው ፖምፓ ዘይቱን ወደ ታች ይገፋዋል፤ ካምቢዮው ጎን ያለው ታችኛው ፖምፓ ግፊቱን ተቀብሎ ፍሪሲዮኑን ያላቅቃል። በሁለቱም ውስጥ ዘይቱ እንዳያልፍ የሚከለክል ትንሽ ጎማ አለ። ጎማው ሲያልቅ ዘይቱ ይወጣና አየር ይገባል። አየር ደግሞ ሲጫኑት ይታመቃል እንጂ የተላከበት አይደርስም። ወዳጄ ኮፈኑን ከፈተ። የፍሪሲዮኗ ትንሽ ዕቃ፣ ዘይቱ የሚጠራቀምባት፣ ባዶዋን ናት። ፋብሪካውን መውቀስ አይቻልም፤ 30 ዓመት ያገለገለ ጎማ ጡረታ ይገባዋል። መዝገቡም ላይ በሰማያዊ «የፍሪሲዮን ፖምፓ፦ በሚቀጥለው ክረምት» ተብሎ ተጽፏል። የየትኛው ዓመት ክረምት እንደሆነ ግን አልተገለጸም።

«የፍሬን ዘይት ይዘሃል አይደል?» አልኩት፣ ሳጥኑን በደስታ እያቀበልኩት።

«ቤት ነው።»

«ይህን ሁሉ ብረት ተሸክመን?»

«የፍሬን ዘይት ቀለም ይበላል ወንድሜ! ሻንጣ ማስቀመጫው ውስጥ ቢፈስ የማን ያለህ ልል ነው?»

እውነቱን ነው፤ የፍሬን ዘይት የነካውን ቀለም ይልጣል። እነሆ ቀለሙ ደኅና ሆኖ እኛ ተራራ ላይ ቀረን።

ፒካፕ የያዙ አንድ ሽማግሌ ቆሙልን። ነገሩን ሰምተው፣ ዘይት ዘይት ነው በሚል ቅንነት የሞተር ዘይት አወጡልን። ወዳጄ ባዶዋን ዕቃ በመዳፉ ከደናት። የሞተር ዘይት እዚያ መስመር ውስጥ ከገባ ጎማዎቹን ሁሉ ያሳብጣቸዋል፤ አንድ ፖምፓ መቀየር ይቀርና መስመሩን ሙሉ መቀየር ይመጣል። ሽማግሌው መልካም ዕድል ተመኝተውልን ሄዱ። ስልካችን ኔትወርክ አጥቷል።

ያለ ፍሪሲዮን መንዳት ይቻላል፤ ወዳጄም እያንዳንዱን እርምጃ ጮክ ብሎ እየተናገረ አሳየኝ። ሞተሩን አጥፍቶ አንደኛ ማርሽ አስገባ። ቁልፉን ሲያዞረው ሞተሪኖው ሞተሩን ብቻ ሳይሆን መኪናዋንም ይዞ ተነሳ፤ ሚያታ ዘለለች፣ አነከሰች፣ ከዚያ መሄድ ጀመረች። ማርሽ ለመጨመር ነዳጁን ይለቅና ማርሹን ያወጣል፤ የሞተሩ ዙር እስኪወርድ ይታገሥና ቀጣዩን በጣቱ ጫፍ ብቻ ያስገባል። ዙሩ ሲገጥም ማርሹ ራሱ ይገባል፤ ካልገጠመ ደግሞ ተራራው ሁሉ ይሰማል። ሦስተኛ ላይ ስንደርስ ዙሩ 3 ሺህ፣ ፍጥነቱ 35 ማይል ሆነ። የፍጥነት ወሰኑን ያወጣው ሰው ሚያታ ሳይኖረው አይቀርም።

«ከእንግዲህ የሚያስፈልገን አንድ ነገር ብቻ ነው» አለ ወዳጄ፣ «አለመቆም።»

ይህን ብሎ ሳይጨርስ ከፊታችን ያሉት መኪኖች ቆሙ። ከየመስኮቱ ስልክ የያዘ እጅ ወጥቷል። ጥቁር ድብ ግልገሏን አስከትላ በዝግታ መንገዱን ታቋርጣለች። ወዳጄ ማርሹን አውጥቶ፣ ፍሬን ይዞ፣ በሩቁ ቆመ፤ ርቀት የተወው ለድቧ ክብር አልነበረም። ድቧ አለፈች። ሞተሩ ጠፋ፣ አንደኛ ገባ፣ ሚያታ ዘለለች። የፊተኛው መኪና ሰውዬ በመስታወቱ ቀና ብሎ አየን። ሁለተኛ ማርሽ ሲገባ ወደኋላ የቀረ ሌላ ግልገል ከቅጠሉ ውስጥ ወጣ። ሁሉም መኪና ቆመ። ሕፃናት አጨበጨቡ።

«ይቺ ድብ ስንት ወልዳ ነው?» አለ ወዳጄ፣ ሞተሩን እያጠፋ።

ቶርንተን ጋፕ ስንደርስ ከመንገዱ ወጥተን ቁልቁል ወደ ሉሬይ ታጠፍን። መውጫው ላይ የቁም ምልክት አለ። በግራም በቀኝም ማንም አልነበረም። «ዝም ብለህ እለፍ» አልኩት። «ቀይ ስፖርት መኪና ይዞ ሰው የለም ብሎ ነገር የለም» አለና ቆመ፤ አጠፋ፤ አስነሳ፤ ዘለልን። ከዛፉ ጥላ ውስጥ የፖሊስ መኪና ብልጭ አለች። ፖሊሱ አነዳዳችንን አይቶ ራሱን ከመነቅነቅ በቀር ያደረገው ነገር የለም። እንደ ልጅ ፈረስ እየዘለሉ መንዳትን የሚከለክል ሕግ አልነበረውም መሰለኝ።

ሉሬይ በዋሻዋ የታወቀች ትንሽ ከተማ ናት፤ እኛ የፈለግነው ግን የመለዋወጫ ሱቅ ነው። ወዳጄ ዶት 3 የሚባለውን የፍሬን ዘይት ገዝቶ፣ ሱቁ ደጃፍ ባለው ደልዳላ አስፋልት ላይ ሥራ ጀመረ። የኋላ ጎማዎቹን በታኮ አስደገፈ፤ የፊተኛውን የቀኝ ጎማ ብሎኖች መሬት ላይ እያለ ላላ አደረገ፤ ከዚያ በክሪክ አነሳት። የተፈታውን ጎማ ከአካሏ ስር አጋደመው፤ ክሪኩ ቢከዳ መኪናዋ ጎማው ላይ እንድታርፍ። በክሪክ ብቻ በቆመች መኪና ስር ራሱን የሚያስገባ ሰው መካኒክነቱን ሳይሆን ኑዛዜውን ነው ማስቀደም ያለበት። ወዳጄ በጎማው ክፍተት እጁን ብቻ ሰድዶ ታችኛውን ፖምፓ አገኘው።

«ግባ» አለኝ።

«የት?»

«ፔዳሉ ጋ።»

አየር ማስወጣት ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንዱ ፔዳሉን ይረግጣል፤ ሌላው ታች ሆኖ የአየር ማስወጫዋን ብሎን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ቅደም ተከተሉ አይዛነፍም።

«ርገጥ!» ረገጥኩ። «ያዝ!» ያዝኩ። ከታች አየሩ ትፍ ትፍ አለ። «ዘጋሁ፤ ልቀቅ!» ለቀቅሁ። ፔዳሉ አልተነሳም። «በእጅህ አንሳው!» ጉልበቴ አገጬ ላይ ስለነበር እጄ መንገድ አጣ። «ልቀቅ ሳልልህ ደግሞ እንዳትለቅ፤ ከለቀቅህ አየሩን መልሳ ትስበዋለች!»

ርገጥ፣ ያዝ፣ ልቀቅ። አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች፣ በአማርኛ እየጮህን ቆየን። የሱቁ ሻጭ ወጥቶ ሰላም መሆናችንን ጠየቀን። «ሰላም ነን፤ አየር እያስወጣን ነው» አለ ወዳጄ በእንግሊዝኛ። መጀመሪያ ጠቁሮ የወጣው ዘይት እየጠራ ሄደ፤ ወዳጄ ላይኛዋ ዕቃ ባዶ ሆና አዲስ አየር እንዳትጠጣ በየመሃሉ ይሞላታል። በመጨረሻ ፔዳሉ እግሬን መለሰው። እንዲህ ያለ ደስታ ከፔዳል ይገኛል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ወዳጄ ትራስጌው የሚያስቀምጠው፣ ራስህ ጠግን የሚል ወፍራም መጽሐፍ አለው። ሽፋኑ ላይ ሰው የለም፤ መኪናዋ ብቻ ናት። ገጹ ሲገለጥ ግን በየሥራው መሃል አንድ ረዳት ብቅ ይላል፤ ፔዳል የሚረግጥ፣ መሪ የሚይዝ፣ ቁልፍ የሚያዞር። ረዳቱ ከየት እንደሚመጣ፣ ምን እንደሚበላ አልተጻፈም። በኛ አገር የጭነት መኪና ሾፌር ይህን ያውቃል፤ ያለ ረዳት ከከተማ አይወጣም። አቀበት ላይ መኪናው ሲያንገራግር ድንጋይ ይዞ የሚዘለው ረዳቱ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው ይባላል። ሚያታ ውስጥ እርግጥ የሃምሳ ሎሚ ቦታ የለም፤ ሁለት ሰው ግን ያስቀምጣል፤ አንዱ ነጂ፣ አንዱ ረጋጭ። አሮጌ ስፖርት መኪና ሊገዛ ያሰበ ሰው ከሞተሩ በፊት ወዳጆቹን ይመርምር። ቅዳሜው ባዶ የሆነ፣ ያዝ ሲሉት የሚይዝ፣ ለምን ብሎ የማይጠይቅ አንድ ሰው ካገኘ ይግዛ። ካላገኘ አውቶቡስ አለ።

አዲሱ ዘይት ያረጀውን ጎማ ወጣት አያደርገውም፤ ወደ ቤት ስንመለስ በየነዳጅ ማደያው ኮፈኑን እየከፈትን ዕቃዋን ሞላናት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁለቱም ፖምፓዎች ተቀየሩ። አንዱ ሲያልቅ ሌላውም እኩያው ነውና አብሮ መቀየር ይበጃል። አየሩን እንደገና ስናስወጣ የረገጥኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ክትፎ ተጋበዝኩ።

መዝገቡን አሳየኝ። በቀይ እስክሪብቶ «ላይኛውና ታችኛው ፖምፓ፦ ተቀየሩ። የፍሬን ዘይት፦ ተቀየረ። ረጋጭ፦ ክትፎ» ይላል፤ ከየአንዳንዱ ጎን ዋጋው ተጽፏል። ክትፎው ከታችኛው ፖምፓ ይበልጣል። ከስሩ ደግሞ በሰማያዊ አዲስ መስመር ተጨምሯል፦ «የታይሚንግ ቺንጋ፦ ዘንድሮ። ብሎኑ ሲፈታ ሞተሩ እንዳይዞር አምስተኛ ማርሽ ይገባል፣ ፍሬን ይያዛል። ያው ሰውዬ።»

ከፍሪሲዮን ወደ ፍሬን አደግሁ ማለት ነው።