ልጆች ሙዚየምን ዳግም እንዳይመኙ ለማድረግ

የተከበሩ መምህር፣ ተማሪዎችዎን አምስት ኪሎ ወደ ብሔራዊ ሙዚየም ሊወስዱ ከሆነ የሚያሰጋዎት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጆቹ ደስ ሊላቸው ይችላል። ደስ ያለው ልጅ ይጠይቃል፣ የሚጠይቅ ልጅ ደግሞ ሰልፍ ያበላሻል።

ስለዚህ ሰማንያውንም ለአንድ አስጎብኚ ያስረክቡ። የኋለኞቹ የፊተኞቹን ማጅራት በሚገባ አጥንተው ይመለሳሉ። ገና ከአውቶቡስ ሳይወርዱም ሪፖርቱ ከአሥር እንደሚታረም ያስታውቁ። ያን ጊዜ ድንቅነሽ ዘንድ ሲደርሱ አጥንቷን የሚያይ አይኖርም፤ ሁሉም ደብተሩን ጓደኛው ጀርባ ላይ ዘርግቶ ይገለብጣል፦ ሐዳር፣ አፋር፣ 1967 ዓ.ም.፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት። ቀና ያለ ካለ «ጨርሰሃል?» ይበሉት።

እዚህ ላይ ግን ነቃ ይበሉ። የድንቅነሽ ቁመት ከአንድ ሜትር እምብዛም ስለማያልፍ የአንደኛ ክፍል ልጅ ሳይበልጣት አይቀርም። አንዱ ራሱን ለክቶ «ቲቸር፣ እበልጣታለሁ!» ካለ ነገር ተበላሸ። ሌላዋ የተገኘው የአጽሟ 40 በመቶ ገደማ ብቻ መሆኑን ሰምታ «የቀረውስ?» ትላለች። ሦስተኛው «ታዲያ ቁመቷን በምን አወቁ?» ይላል። ከዚህ በኋላ ክፍሉ በሙሉ ተመራማሪ ሆነ ማለት ነው፤ ማን ይሰበስበዋል?

ለእይታ የቀረበው ቅጂ እንደሆነ፣ ዋናው አጥንት ለብቻው በጥንቃቄ እንደሚቀመጥም አይንገሯቸው። «ቅጂ ከሆነማ ለምን አንነካውም?» ይሉዎታል። መልስ የለዎትም፤ እውነቱን ለመናገር እኔም የለኝም።

ሕፃኗ ሰላም ዘንድ ጭራሽ እንዳይቆሙ። ዲኪካ የተገኘችው ይህቺ ሕፃን ስትሞት ዕድሜዋ ሦስት ዓመት ገደማ ነበር። እቤቱ የሦስት ዓመት እህት ያለችው ልጅ ይህን ከሰማ እስከ ማታ ወሬው እሷው ነች፤ የሒሳብ ትምህርቱ ምን ሊሆን ነው?

ጊዜ ተርፎ ስድስት ኪሎ፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ከዘለቁ፣ የልጆች ጨዋታና ተረት የሚታይበትን በሩጫ ይለፉት። የጃንሆይ መታጠቢያ ቤት ዘንድ ግን ልጆቹ አልንቀሳቀስ ማለታቸው አይቀርም። ሹፌሩ ክላክስ ያድርግ።

አንዲት እናት በሳምንቱ ደውለው «ልጄ ቅዳሜ መልሰሽ ውሰጂኝ እያለ አስቸገረኝ» ካሉዎት፣ ምን ያስፈልጋል እመቤቴ፣ አይቶታል እኮ፣ ከአሥር ዘጠኝ አግኝቷል ይበሏቸው።