በማወቅ የሠራሁት

ባለማወቅ ነው ብዬ ባመካኝ ደስ ይለኝ ነበር። የአሮጊቷን ዲኤክሴን የግራ ፓራፋንጎ ግቢዬ ውስጥ በገዛ እጄ ልቀባ ስነሳ ግን ያልሰማሁት፣ ያላነበብኩት ነገር አልነበረም። የብርጭቆ ወረቀት ቁጥሩ ባነሰ መጠን እንደሚሻክር፣ ስቱኮ በ80 ቅርጽ ይዞ በ180 እንደሚስተካከል፣ በ320 ጠርዙ ከቆርቆሮው ጋር እንደሚዋሐድ፣ ፕራይመሩም ከቀለም በፊት በ600 መለስለስ እንዳለበት ለዘበኛችን ሳይቀር አስረድቻለሁ። ዘበኛችን መኪና የለውም።

ከዚያ ሶማሌ ተራ ሄጄ 80 እና 600 ብቻ ገዝቼ መጣሁ። የመሃሉን በጉልበት እወጣዋለሁ ብዬ ነው። የቆጠብኩት የአንድ ማኪያቶ ዋጋ ቢሆን ነው፤ ማኪያቶውንም እዚያው ጠጣሁት።

ከመፋቅ በፊት ቅባቱን ማስለቀቅ ይቀድማል። ፖሊሽ ያለበትን ብረት ዝም ብሎ መፋቅ ቅባቱን ጭረቱ ውስጥ መቅበር ነው፤ ሲሊኮን ካለበት ደግሞ አዲሱ ቀለም ከዚያ ቦታ ይሸሽና ክብ ክብ ጉድጓድ ይተዋል። መኪናዋን ለዓመታት በሲሊኮን ፖሊሽ ሳብለጨልጭ የኖርኩት እኔው ነኝ። ቢሆንም በጨርቅ አበስ አበስ አድርጌ ንጹሕ ነው አልኩ። ጨርቁ የሞተር ዘይት ስለካ የምጠርግበት ነበር።

ስቱኮው ላይ ኃጢአቴ ይከፋል። ሃርድነሩ በክብደት ከመቶ 2 እጅ ገደማ ነው የሚገባው፤ ሲበዛ፣ ቀኑም ሲሞቅ፣ ፋታ አይሰጥም። ቶሎ እንዲደርቅልኝ ጨመቅ አደረግኩበት። ደረቀልኝ፤ ፓራፋንጎው ላይ ሳይሆን መለቅለቂያዬ ላይ። ቀጥሎ ያበጀሁትን ደግሞ በአንዴ በውፍረት ለጠፍኩት። ስስ ስስ እያደረጉ መደራረብ ትዕግሥት ለታደሉ ሰዎች የተሰጠ ጸጋ ነው።

ወረቀቱን ጠፍጣፋ እንጨት ላይ ጠቅልሎ መፋቅ እንደሚገባም አውቃለሁ፤ ጣት ብቻውን ሲጫን ይቦረቡራል። እንጨቱ ግን ዕቃ ቤት ነበር፤ ጣቶቼ እዚሁ ነበሩ። አቧራው ባለቤቴ ያሰጣችው ልብስ ላይ እንዳያርፍ ብዬም ውሃ አርከፈከፍኩበት። ስቱኮ ውሃ እንደሚጠጣ፣ ከሥሩም ዝገት እንደሚያመጣ ለዘበኛው የነገርኩት በዚያው ጠዋት ነው።

ጎረቤቴ ጋሼ ጡረታ የወጡ ባትላሜራ ናቸው። በአጥሩ በኩል ሲያዩኝ ቆይተው፣ "ልጄ፣ ዓይንህን ጨፍነህ በመዳፍህ ዳብሰው። ዓይን ያታልላል" አሉኝ።

"እሺ ጋሼ" አልኩ። አልዳበስኩትም። ቀደም ብዬ ዳብሼው ነበር፤ መዳፌ የነገረኝን ደግሜ መስማት አልፈለግኩም።

የተራቆተው ብረት ፕራይመር ሳይነካው አደረ። ክረምት ነውና ጠዋት ቡናማ ሆኖ ጠበቀኝ። አሸት አሸት አድርጌ ፕራይመሩን ነፋሁበት። ፕራይመር ደብዛዛ ነው፤ ገመና ይሸፍናል። እንዲያውም ያን ማታ ፎቶ አንስቼ ለወንድሜ ልኬለታለሁ፤ "ቆጣቢ ሰው" ብሎ መለሰልኝ።

ቀለሙ ሲያርፍበት የተደበቀው ሁሉ ወጣ። የ80ው ጭረት ቀለሙን ጠጥቶ መስመር መስመሩን አሳየ። የጣቶቼ ፈለግ እንደ ታረሰ ማሳ ትልም አወጣ። ሲሊኮኑም ጉድጓዶቹን አልረሳም። ፀሐይ በሰያፍ ስትመታው ደግሞ የስቱኮው ዳርቻ ከነጉብታው ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ስለዚህ መኪናዋን የማቆማት በግራ ጎኗ ግድግዳ አስጠግቼ ነው። በተሳፋሪው በር መውጣት ለምጃለሁ።

ማን እንደቀባት የሚጠይቀኝ ግን አይጠፋም። "አንድ ጋራዥ አበላሸብኝ" እላለሁ። ጋሼ አጠገቤ ቆመው እየሰሙ አንድም ቀን አላጋለጡኝም። "የዛሬ ሠራተኛ!" ይሉና ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።