አዎ፣ ፕላስቲክ ነው!

«አንቺ፣ የሰው ልጅ ጥሎት የሄደውን እንሽላሊት ነው የምትለቅሚው?» ይሉኛል።

እለቅማለሁ! የጣለው አላወቀውም፣ እኔ አወቅሁት። ደግሞም እንሽላሊት አይደለም። እንሽላሊት እግሯን ወደ ጎን ከፍታ ትሳባለች፤ ዳይኖሰር እግሩን ከሰውነቱ ሥር ተክሎ ይሄዳል። ሁለቱን ያልለየ ተረበኛ መጀመሪያ እግር አይቶ ይምጣ፣ ከዚያ ይተርበኝ።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ልንገር። የምኖረው ዋሽንግተን ዲሲ ጥግ፣ ሜሪላንድ ነው። የዳይኖሰር ቅርጾች እሰበስባለሁ፤ ከሱቅ በሙሉ ዋጋ ሳይሆን ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥበት ትሪፍት ስቶር፣ ሰው ደጁ ላይ ከሚዘረጋው ያርድ ሴል፣ ቤት የሚለቅ ሰው ደጅ ላይ ካስቀመጠው ካርቶን። ቡና ላይ ስንሰበሰብ የዕለቱ ተረብ እኔ ላይ ያርፋል። እኔም አፌን ለሰው አላከራየሁም፣ እመልሳለሁ።

«ርካሽ ስለሆነ ነዋ!» አሉ ጋሼ፣ ሲኒያቸውን ሳያስቀምጡ።

ጋሼ፣ ርካሽማ የትም አለ። ሁሉም ዕቃ አንድ ዶላር ይባልበት የነበረ መደብር ይግቡ፤ ቀለሙ እጅ ላይ የሚቀር፣ ጥርሱ ከከንፈሩ ውጭ የተቀባ ዳይኖሰር በባልዲ ሞልቶ ይጠብቅዎታል። እሱን በነጻም አልወስድ። እኔን ደስ የሚለኝ ትልቅ ሥራ ሆኖ ትንሽ ዋጋ የተለጠፈበት ነው። ካርኔጊ የሚባለውን ስብስብ ይመልከቱ። ሳፋሪ የተባለው የፍሎሪዳ ኩባንያ ፒትስበርግ ካለው የካርኔጊ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ጋር ተባብሮ በ1988 ጀመረው፣ በ2015 አቆመው (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያለውን ዓመት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ቁጠሩልኝ)። አብዛኞቹን የቀረጸችው ፎረስት ሮጀርስ የተባለች አርቲስት ናት፤ የሙዚየሙ ባለሙያዎችም ሥራውን እያዩ ያጸድቁት ነበር። ብዙዎቹ ከእውነተኛው እንስሳ 40 ጊዜ እንዲያንሱ ተደርገው ነው የተሠሩት፤ በዚህ ልኬት 12 ሜትር የነበረ አውሬ 30 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ሆዱን ቢገለብጡት ስሙና ዓመቱ ታትሞበታል። ትሪፍት ስቶሩ ይህን ሥራ ከተሰበረ የመጫወቻ መኪና እኩል ዋጋ ለጥፎበት ሲሸጠው አይቼ ባልፍ፣ ነውሩ የማን ነው ጋሼ?

ትሪፍት ስቶር ውስጥ አሻንጉሊት እንዴት እንደሚሸጥ ያየ ያውቃል። ጥቃቅኑን ሁሉ ግልጽ ላስቲክ ውስጥ ይጨምሩና አፉን በስቴፕለር ዘግተው ይሰቅሉታል። ጎማ የሌለው መኪና፣ አንገቱ የዞረ ወታደር፣ ከበርገር ጋር በነጻ የታደለ ኮተት፣ ከሥር ደግሞ አንድ እግር። ላስቲኩን መክፈት አይፈቀድም፤ ስለዚህ እግሩን አነባለሁ። ጎበዝ ቀራጭ ጣት ላይ አይሰንፍም። ሥጋ በል ከሆነ ሦስት ጣቶች መሬቱን ረግጠው መታየት አለባቸው። አንገተ ረጅም ከሆነ የፊት እግሩን አያለሁ፦ ዲፕሎዶከስና ዘመዶቹ የፊት እግራቸው ላይ የነበራቸው አንድ ትልቅ ጥፍር ብቻ ነው፤ ነገሩ ያልገባው ፋብሪካ ግን የዝሆን እግር ገጥሞ አምስት ጥፍር ይደረድርበታል። ያቺን አንዷን ጥፍር በላስቲኩ ውስጥ ሳያት እጄ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ኮተቱን ከነምኑ ከፍዬ፣ መኪናዬ ውስጥ ገብቼ፣ ስቴፕሉን ነቅዬ፣ እንስሳውን ገልብጬ ማህተሙን አነባለሁ። ይህ ደስታ በሙሉ ዋጋ አይገዛም። ስሙም ዋጋውም ተጽፎለት መደርደሪያ ላይ የቆመውን ገንዘብ ያለው ሁሉ ያገኘዋል፤ ላስቲክ ውስጥ የታፈነውን የሚያገኘው ግን ያወቀው ብቻ ነው። በርካሽ መግዛት ማለት ለእኔ ዕውቀቴ ሲከፈለኝ ማየት ነው።

«ቁራሌ ሆንሽልን!» አለችኝ አክስቴ ከአዲስ አበባ በስልክ።

ሆንኩ፣ አክስቴ! ቁራሌው በሠፈር ሲያልፍ ለሁላችን የሚታየን የዛገ ጣሳ ነው፤ ለእሱ ግን ምናለሽ ተራ ላይ ማን እንደሚፈልገው፣ በስንት እንደሚወስደው ነው የሚታየው። ያን ጆንያ ያሸከመው ዕውቀት ነው። በዚህ ስም ብትጠሪኝ አቤት እላለሁ።

«ለሐበሻ ደግሞ ዳይኖሰር ምኑ ነው?» የምትል አለች፤ ይቺ ተረብ በየሳምንቱ አታመልጠኝም።

የአገሩ ነዋ! ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምዕራብ፣ ሲሚንቶውን የምናውቀው ሙገር፣ በሸለቆው የጁራሲክ ዘመን ድንጋይ ውስጥ የዳይኖሰር ጥርስ ተገኝቷል። ከእኛ በፊት እዚያ ሠፈር የኖረውን ብጠይቅ ምን ይገርማል?

«ሳይንቲስት ነሽ እንዴ?» ይላል ሌላው።

ወንድሜ፣ ዊሊያም ዎከርም ሳይንቲስት አልነበረም፣ ቧንቧ ሠራተኛ ነበር። በ1983 እንግሊዝ አገር፣ ሰሪ በተባለው አውራጃ፣ የሸክላ አፈር በሚቆፈርበት ጉድጓድ ውስጥ 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚሆን ጥፍር አገኘ። የጥፍሩ ባለቤት በሳይንስ የማይታወቅ፣ ዓሣ የሚበላ ዳይኖሰር ሆኖ ተገኘ፤ በ1986 ስም ሲወጣለት ባሪዮኒክስ ዎከሪ ተባለ፣ በቧንቧ ሠራተኛው ስም። እንግዲህ ማየት የቻለ ዓይን ዲግሪ አልተጠየቀም።

ባሪዮኒክስን ካነሳሁ ኢንቪክታን ሳልጠቅስ አላልፍም። የሌስተሩ ኢንቪክታ ኩባንያ፣ ማስተርማይንድ የተባለውን የቀለም ግምት ጨዋታ ያወጣው ራሱ፣ ከ1974 ጀምሮ ለለንደኑ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የዳይኖሰር ቅርጾች ሠርቷል፤ ባሪዮኒክስም አንዱ ነው። መጀመሪያ የወጡት ባለ አንድ ቀለም ናቸው፤ አረንጓዴው አረንጓዴ፣ ቡኒው ቡኒ። በላዩ የተቀባ ቀለም ስለሌለው የቆዳው መጨማደድ፣ የጡንቻው አቀማመጥ ራሱ ነው የሚናገረው። ከትምህርት ቤት ሙዚየም ሲሄዱ የገዟቸው ልጆች ዛሬ ፀጉራቸው ሸብቷል። የእናቶቻቸው ቤት ሲጸዳ፣ ጣሪያ ሥር የኖረው ካርቶን ይወርድና እንግሊዞች ሜዳ ላይ መኪና አቁመው ከኋላው ዕቃ በሚሸጡበት ገበያ ላይ ይዘረጋል። ሻጩ ቀለም የሌለው አሮጌ ፕላስቲክ ነው ብሎ በሳንቲም ይሰጠዋል። ለንደን ያለች ጓደኛዬ ሆዱን ፎቶ አንስታ ስትልክልኝ፣ የሙዚየሙ ስም ተጽፎበት ሳየው፣ ሌሊትም ቢሆን ደውዬ እልል እላለሁ።

«ተጣሟል እኮ!» ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሬ አቀናዋለሁ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አጸናዋለሁ። ይህ ፕላስቲክ ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ሲበርድ በያዘው ቅርጽ ይረጋል። ቀጥሉ!

«እትዬ፣ ይሄ እኮ ተሽሯል» አለኝ ኮሌጅ የገባው የጎረቤቴ ልጅ፣ በሁለት እግሩ ቀጥ ብሎ የቆመ አሮጌ ስፒኖሰረስ አንስቶ። «ሳይንሱ እንዲህ አይልም።»

ልክ ነህ፣ የኔ ጌታ። ስለዚህም ነው የረከሰው፣ ስለዚህም ነው የገዛሁት! የመጀመሪያውን ስፒኖሰረስ ጀርመናዊው ሽትሮመር ከግብፅ በመጣ አጥንት በ1915 ስም አወጣለት። አጥንቱ በ1944 ሙኒክ ላይ በወረደው ቦምብ ተቃጠለ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ቀራጮች የነበራቸው የእሱ ሥዕልና ግምት ነው፤ ስለዚህ ቲ ሬክስን ወስደው ጀርባው ላይ ሸራ ተከሉበት። በ2014 ከሞሮኮ በተገኘ አጥንት የኋላ እግሩ አጭር ነው ተባለ፤ በ2020 ደግሞ ጭራው እንደ መቅዘፊያ ሰፊ ሆኖ ወጣ። አዲስ ነገር በተገኘ ቁጥር የአምናው ቅርጽ ዋጋው ይወርዳል፣ ባለቤቱም ካርቶን ውስጥ ይጥለዋል። እኔ ሦስቱንም ጎን ለጎን አቁሜአቸዋለሁ። የመቶ ዓመት ክርክር ከአንድ የሐበሻ ምሳ ባነሰ ዋጋ መደርደሪያዬ ላይ ቆሟል። ላባውም እንደዚሁ ነው። በ1996 ከቻይና ሲኖሰሮፕተሪክስ የተባለው ትንሽ ዳይኖሰር ላባ መሰል ለምድ ለብሶ ብቅ አለ፣ በ2010 ደግሞ ለምዱ ዝገት የመሰለ ቀለም፣ ጭራው ላይም ጥለት እንደነበረው ታወቀ። ያን ቀን ራቁታቸውን የተሠሩት የቅርብ ዘመዶቹ ሁሉ አረጁ። ሳይንስ ሐሳቡን እንዴት እንደሚቀይር ለልጅ ማሳየት የሚፈልግ ወላጅ ከነዚህ የተሻለ መማሪያ አያገኝም፤ የተሻሩትን ንቆ አዲሱን ብቻ የሚገዛ ሰብሳቢ ግማሹን ታሪክ ጥሎ ነው የሄደው።

«ከርካሽ ፕላስቲክ ምን ቁም ነገር ወጥቶ ያውቃል?»

ወጥቶ ያውቃል! ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የተባለውን ጨዋታ ከፈጠሩት አንዱ ጋሪ ጋይጋክስ፣ ሆንግ ኮንግ የተሠሩ፣ ምን እንደሆኑ የማይታወቁ ርካሽ የፕላስቲክ አውሬዎች ገዝቶ ለጨዋታው ተጠቀመባቸው። ጉጉት ራስ ያለው ድብ፣ ብረት የሚያዝገው ፍጡርና ሌሎችም ከዚያ ተወለዱ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ይታወቃሉ።

አንድ ተረብ ግን አለች፣ ስቄ የማላልፋት። «ሻጯ አላወቀችም፣ አንቺ ታውቂያለሽ። ዝም ብለሽ መግዛትሽ ማታለል አይደለም?»

ይህ ተረብ ሳይሆን ጥያቄ ነው፤ ረጋ ብዬ ልመልስ። በዳይኖሰር ዓለም የታወቀው የርካሽ ግዢ ታሪክ «ሱ» የተባለችው የቲ ሬክስ አጽም ታሪክ ነው። በ1990 ሳውዝ ዳኮታ ውስጥ ስትገኝ፣ አጥንት ቆፋሪው ድርጅት ለባለመሬቱ የ5 ሺህ ዶላር ቼክ ሰጠ። በ1992 ኤፍ ቢ አይ መጥቶ አጥንቱን ጭኖ ወሰደ። መሬቱን መንግሥት በአደራ የያዘው ስለነበር ሽያጩ አይጸናም ብሎ ፍርድ ቤት ወሰነ። በ1997 ለባለመሬቱ ጥቅም ለጨረታ ስትቀርብ የቺካጎው ፊልድ ሙዚየም ከ8 ሚሊዮን 300 ሺህ ዶላር በላይ ከፍሎ ገዛት። 5 ሺህ እና 8 ሚሊዮን! ስለዚህ ርካሽ ግዢ ሁሉ ንጹሕ ነው አልልም። እኔ የምይዘው እንዲህ ነው፦ መደብሩ ራሱ የለጠፈውን ዋጋ ያለ ክርክር እከፍላለሁ። ሰው ደጁ ላይ ዘርግቶ «ይሄ ምንድነው?» ብሎ ከጠየቀኝ የማውቀውን ሁሉ እነግረዋለሁ፣ ዋጋውንም ጭምር፤ ከዚያ በኋላ አልሸጥም ካለ መብቱ ነው። ልጅ የራሱን መጫወቻ ምንጣፍ ላይ ዘርግቶ ሲሸጥ ግን አልከራከርም፣ ጨምሬ እሰጣለሁ፣ ስለ እንስሳውም እነግረዋለሁ። ከልጅ ላይ የተገኘ ትርፍ ትርፍ አይደለም።

ከሁሉ የማልወደው አትራፊውን ነው። ካርቶኑን ሳይከፍት ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፎ ዋጋው እስኪሰቀል የሚጠብቀውን። ባታት የተባለው ኩባንያ በ1994 ለቦስተን የሳይንስ ሙዚየም ያወጣቸውን ቅርጾች አስቡ። ከቀራጮቹ አንዱ ዳን ሎሩሶ ነበር። ምርቱ ሲቆም ዋጋው ሰማይ ወጣ፣ ለተራ ሰው የማይደረስ ሆነ። በኋላ ግን ኩባንያው ራሱ የሎሩሶን ቅርጾች አዲስ ቀለም ቀብቶ ቴራ በሚል ስም ታርጌት መደብር ውስጥ በተራ መጫወቻ ዋጋ ዘረጋቸው። ያን ቀን የወተትና የዳቦ ጋሪ ይዤ መደርደሪያው ፊት ስቆም የተሰማኝን ደስታ አልረሳውም፤ ይህ ውበት ወደ ልጆች እጅ ተመለሰ።

አሁን የእኔ ተራ ነው፤ ወደ እናንተ ልዙር። ቤት የምትለቁ፣ ልጆቻችሁ ኮሌጅ ገብተውላችሁ ምድር ቤቱን የምታጸዱ የዲሲ፣ የሜሪላንድና የቨርጂኒያ እናቶች አባቶች፦ የዳይኖሰሩን ካርቶን ከቆሻሻው ጋር አታውጡት። አንድ በአንድ ገልብጡና ሆዱን እዩ። ስምና ዓመት ካለበት መጀመሪያ ልጁን ጠይቁት፤ ካልፈለገው የሠፈር ልጅ ስጡት። ልጅ ካልተገኘ ትሪፍት ስቶር ውሰዱት፤ እኔ ቅዳሜ ጠዋት በሩ ሲከፈት እዚያ ነኝ።