ደንብ እያስከበሩ ልጅ መበደያ መንገድ

ልጅ ልበድል ብሎ ከቤቱ የሚወጣ መምህር የለም። እኔም ብዬ አልወጣሁም፤ ግን በድያለሁ። እንዴት እንደሚበደል ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ዱላ አትያዙ። የአካል ቅጣትን የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ከልክሏል፤ ዱላ ያልያዘ መምህር ደግሞ ራሱን አይጠረጥርም። የእኔ እጅ የያዘው እስክሪብቶና የአርፋጆች መዝገብ ነበር።

ከዚያ ጠዋት በር ላይ ቁሙ። ደወሉ ካበቃ በኋላ ሁለት ልጆች እየሮጡ ሲመጡ፣ ዩኒፎርሟ የተተኮሰውን፣ አባቷን በወላጆች ስብሰባ የምታውቋቸውን ልጅ «ምነው፣ አመመሽ እንዴ?» በሏት። ሹራቡ ክርኑ ላይ የተቀደደውን «ዛሬም አንተ!» በሉት። እሷ የምትመልሰው አላት። እሱ ግን ምን ይበል? አንገቱን ይደፋል፤ እናንተም ዝምታውን ንቀት ነው ብላችሁ ትይዙበታላችሁ።

እጁንም እዩ። እኔ ሳይ ጥፍሩ ሥር ጠቁሯል፤ «የንጽሕና ጉድለት» ብዬ መዘገብኩ። ለካ የጫማ ቀለም ነው። ጠዋት ጠዋት ታክሲ ተራ ሊስትሮ እንደሚሠራ የነገረኝ ጥበቃው ነው። ልጁማ መቼ ጠየቅኩትና ይነግረኛል? ይህን ስጽፍ ዛሬም ያመኛል።

ክፍል ውስጥ ጫጫታ ስትሰሙ ከሰሌዳው ዞር ብላችሁ ዓይናችሁን እሱ ላይ አሳርፉ። እ.ኤ.አ. በ2016 የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለአሜሪካ የቅድመ መደበኛ መምህራን የአራት ሕፃናት ቪዲዮ አሳይተው ረብሻ እንዲጠብቁ ነገሯቸው። በቪዲዮው ረብሻ አልነበረም፤ የመምህራኑ ዓይን ግን ከሁሉም ይበልጥ ጥቁሩ ወንድ ልጅ ላይ ቆየ። የእኔ ዓይን የሚፈልገው ቀለም ሳይሆን የተቀደደ ሹራብ ነበር።

በምሕረት ያሳለፋችኋቸውን አትመዝግቡ። ዋናው ይሄ ነው። ገጹ በአንድ ልጅ ስም ሲሞላ መዝገቡ ራሱ ይመሰክርላችኋል፤ ዩኒት መሪውም ያን አይቶ «ወላጅ አምጣ» ይለዋል።

ብቻ መዝገቡን ገልጣችሁ እንዳትቆጥሩ። እኔ ሰኔ ላይ ቆጠርኩ። የእሱ ስም 11 ጊዜ፣ የእሷ አንድም ጊዜ። አንድ ማክሰኞ እኩል ደርሰው ነበር፤ እንዲያውም የወደቀ ደብተሯን አንስቼ የሰጠኋት እኔ ነኝ። የዚያን ቀን የእሱ ስም ከነደቂቃው ተጽፏል። ከሥሩ ያለው መስመር ባዶ ነው።