ጾመኛውን ዓሣ ማን አስገደፈው?

ሲያትል ከመጣሁ 9 ዓመቴ ነው። የእጅ ሰዓቴን ግን እስካሁን አልነካሁትም፤ ዛሬም የሚቆጥረው የባሕር ዳርን ሰዓት ነው። ልጄ «አባዬ፣ እዚህ ስትኖር የዚህን አድርገው እንጂ» ትለኛለች። ለምን ብዬ? የምቀጥረው ሰው የለኝ፤ የሚቀጥረኝም የለ። ለማንኛውም ሰዓቱ ይቆየን፤ የመጣሁት ስለ ዓሣው አቤት ልል ነው።

ረቡዕ ማታ ነው። ማክሰኞ ማታ ከአማቼ ጋር ቁጭ ብለን፣ ነገ ጾም ነው ተባብለን፣ የበግ ጥብሳችንን በ3 ሰዓት ግድም ሸኝተናል። እናም ረቡዕ ልጄ ከሥራ ገባች፤ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ኦቭኑን በ400 ፋራናይት ለኮሰችው። «አባዬ፣ ጾም መሆኑን አልረሳሁም። ዓሣ ነው የምሠራልህ» አለችኝ። ምርቃቴን ጀመርኩ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አልከፍተውም፤ አይፈቀድም የሚሉ አባቶች አሉ፤ አዲስ አበባ ደግሞ ሁዳዴ በገባ ቁጥር ምግብ ቤቱ የዓሣ ጉላሹን ከሽሮው ጎን ይደረድራል። እኔ የጣና ዳር ልጅ ነኝ። አምባዛ በታንኳ ተጭኖ ሲመጣ እያየሁ ነው ያደግሁት፤ ዓሣን ከጎመን ለይቼ አላውቅም።

«ክፉ አይንካሽ» ብዬ «እጅሽ ይባረክ» ላይ ስደርስ ልጅቱ ከማቀዝቀዣው አንድ ነጭ ነገር አወጣች።

አይብ!

አይብ ስላችሁ የኛው አይምሰላችሁ። ክሬም ቺዝ የሚሉት ነው፤ ቅቤ እንዳይባል ምጣድ ላይ አይፈስ፣ አይብ እንዳይባል አይፈረፈር። ስሙ ፊላዴልፊያ ነው፤ ትውልዱ ግን ኒው ዮርክ ነው። የትውልድ ቦታውን በአስተርጓሚ ያስመዘገበ ስደተኛ ይመስላል። እሱን በማንኪያ አላመችና ነጭ ሽንኩርት ደቀደቀችበት፣ የሎሚ ልጣጭ ፈቀፈቀችበት፣ ፐርስሜሎ ከትፋ ጨመረችበት። በመጨረሻ ዲል የሚሉትን ቅጠል አመጣች። ገና በሽታው የእንስላል የአክስት ልጅ መሆኑን ለየሁት። እውነትም ዘመዳሞች ናቸው፤ ፐርስሜሎውም፣ ድንብላሉም፣ ነጭ አዝሙዱም የአንድ ዘር ቅጠሎች ናቸው። አይብን በቅጠል ማሸት ለኛ ሊያስተምሩን! እናቴ ጤና አዳም ሸምጥጣ አይብ ላይ ጣል ስታደርግበት ሽታው ጎረቤት ይጠራ ነበር። ክትፎ ቤት የገባ ሰው አይብና ጎመን ከተጋቡ ስንት ዘመናቸው እንደሆነ ያውቃል። አይብን ከዓሣ ጋር የዳረ ግን በዓይኔ አላየሁም፤ በጆሮዬም አልሰማሁም።

ልጄ አይቡን ሳልመን በሚሉት ዓሣ ላይ አንድ ጣት በሚያህል ውፍረት ለቀለቀችው። ግድግዳ ስትመርግ አይቼ ቢሆን ኖሮ እኮራባት ነበር። በላዩ የዳቦ ፍርፋሪ ነሰነሰችና አስገባችው። «አይቡ ምን ያደርጋል?» አልኳት፤ ቁጣዬን ገና እያሟሟቅሁ ነው። ስቡ ዓሣውን ከመድረቅ ያድነዋል አለችኝ። ሳልመን ሙቀት ሲበዛበት ሥጋው ይጨመቅና አልቡሚን የሚባል ነጭ ነገር ከጎኑ ይወጣል፤ ከወጣም አይቡ ይሸፍነዋል። እኔ ያንን ነጭ ነገር እንባ ነው ብያለሁ፤ አሁንም ከቃሌ አልወርድም።

ከ12 ደቂቃ በኋላ ደግሞ ቴርሞሜትር አውጥታ ዓሣውን ወጋችው። የመንግሥቱ መመሪያ 145 ፋራናይት ይላል፤ እሷ ግን 130 ላይ አውጥታ የቀረውን በራሱ ሙቀት ይጨርሰዋል ባይ ናት። እኔ ባለፈው ታኅሣሥ አተኩሶኝ ስንቀጠቀጥ «ውኃ ጠጣበት» ነበር ያለችኝ። እዚህ ቤት ቴርሞሜትር መኖሩን የሰማሁት ዓሣ ሲታመም ነው።

ደቂቃ ካነሣን አይቀር፣ 15 ደቂቃ የፈጀ እራት ምን እራት ይባላል? የዶሮ ወጥ ሽንኩርት ብቻውን ስንት ሰዓት ነበር የሚቁላላው! በዚያ መሀል ስንት ሰው ይታማል፣ ስንት የተጣላ ይታረቃል፣ ስንት ልጅ ይገረፋል። ኦቭን ሲጮህ ግን ገና «እንዴት ዋላችሁ» ተባብለን አልጨረስንም። «የሥራ ቀን ነው አባዬ፣ ጊዜ የለኝም» ትላለች። እናቷስ የሥራ ቀን አልነበራትም?

እኔን የከነከነኝ ግን ሌላ ነው። ከዚያች ረቡዕ በፊት ባለው ቅዳሜ ከልጅ ልጄ ጋር ባላርድ የሚባል ሰፈር ወርደን ነበር። እዚያ በ1917 እ.ኤ.አ. የተመረቀ የመርከብ መሸጋገሪያ አለ፤ ከጎኑ ዓሣ ከባሕር ወደ ሐይቁ የሚወጣበት 21 እርከን ያለው ደረጃ ተሠርቷል። ለዓሣ ደረጃ! የኛ ቤት ደረጃ መደገፊያ ከተነቀለ ስንት ጊዜው ነው። መስታወት አለው፤ ከመስታወቱ ወዲህ ቆመን ሶካይ የሚባለው ሳልመን ውኃውን እየታገለ ሲወጣ አየን። የሐምሌ ጉዞው ነው። ተወልዶ ያደገበትን ውኃ በሽታ እየለየ፣ እንቁላሉን ሊጥል አገሩ ይገባል። ልጅቷ አንብባ «አባባ፣ ወንዝ ከገባ ጀምሮ እኮ ምንም አይበላም፤ እንቁላሉን ጥሎ ይሞታል» አለችኝ።

ደነገጥኩ። አይበላም! የሐዋርያት ጾም በሐምሌ 5 ከተፈታልን በኋላ እንኳ እሱ አልፈታም ማለት ነው። ከዚያች ቀን ወዲህ ሳልመንን የማየው እንደ ባሕታዊ ነው። አፍንጫውን ይዞ አገሩ መግባቱንም ቀናሁበት፤ የጣና ሽታ እኔንም አይጠፋኝም፣ የቲኬቱ ዋጋ ነው ያስቀረኝ። ታዲያ እንዲህ ያለውን ጾመኛ አንስቶ አይብ መለቅለቅ ምን ይባላል?

ይህን ሁሉ ለልጄ አስረዳኋት። ሳህን እየደረደረች ሰማችኝና «አባዬ፣ ይሄኛው እኮ ከኖርዌይ የእርሻ ዓሣ ነው። ጾሞ አያውቅም። መኖ እየተሰፈረለት ነው ያደገው፤ ቀዩ ቀለሙ እንኳ መኖው ውስጥ ከሚጨመር ነገር ነው» አለችኝ። ሰው ከነባሕታዊነቱ ያከበረውን በአንዴ የቀለብ ሠንጋ አደረገችብኝ።

ገበታ ቀረበ። ያኔ ነው የባነነችው። «ውይ፣ አባዬ! አይቡ! ልጥረግልህ?»

«ጾም እንደ ጫማ ይጠረጋል?» አልኳት። ተነሥቼ የትናንት ወዲያውን ሽሮ አሞቅሁ። እነሱ ያን ነገር በሹካ እየፈለፈሉ «እም… እም…» ሲሉ እኔ ሽሮዬን በዝምታ ጠቀለልኩ። ዝምታዬን ማንም አላስተዋለልኝም፤ ደጋግሜ ብተነፍስም።

በልተው ተነሡ። ልጄ ልብስ ልታጥብ ምድር ቤት ወረደች፣ አማቼ ኳሱን ከፈተ። ትሪው ምድጃው ላይ ቀረ። አንድ ቁራጭ ተርፏል፤ የዳቦው ፍርፋሪ ወርቅ መስሏል፣ የእንስላሉ የአክስት ልጅ ሽታ አፍንጫዬ ሥር ይመላለሳል። ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው፤ ሲያትል በሐምሌ ፀሐይዋ በዚህ ሰዓት እንኳ አልጠለቀችም። ሳላስበው ዓይኔ የእጄ ሰዓት ላይ አረፈ። ልክ 12 ሰዓት። ባሕር ዳር ነግቷል፤ ሐሙስ ነው። ዶሮ ጮኋል፣ ቅዳሴ የሄደ ሰው እየተመለሰ ነው።

ሹካ አነሣሁ። አይቡ ለስልሷል፣ ሎሚው ከሥሩ ይመጣል፣ ዓሣው በሹካ ጫፍ ንብርብር በንብርብር ይለያያል። የደረቀ ነገር የለውም። ይህን ለልጄ የሚነግራት ከመሀላችሁ እንዳይገኝ።

«አባባ፣ ዛሬ ረቡዕ አይደለም እንዴ?» የልጅ ልጄ በሩ ላይ ቆማለች።

«በማን ሰዓት?» ብዬ እጄን ዘረጋሁላት። ሰዓቱን አየች፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ አጠፈች፣ ቆጠረች።

«ታዲያ ትናንት ማታ በ3 ሰዓት ጥብስ ስትበላ ባሕር ዳር ምን ቀን ነበር?»

አስተማሪዋ በሒሳብ ጎበዝ ናት ሲሉ ሰምቼ ነበር፤ ይህን ያህል ግን አልመሰለኝም። ከቁራጩ ግማሹን ሰጠኋትና ምድር ቤት ድረስ የሚሰማ ነገር እንዳትናገር ተስማማን።